ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ፦ ለአንዲት የኪራይ ክፍል ብርሃን ፍለጋ

ከአዲስ አበባ ግቢዎች በስተኋላ ተደርድረው የሚገኙት ሰርቪስ ክፍሎች ብዙ ሠራተኛ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባቸው ቤቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ስለ መኝታ ቤት አያያዝ ሲነገረው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። መኝታ ቤት የተባለው እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የጥናት ክፍል ነው፤ እሑድ ደግሞ የልብስ መተኮሻ ነው። ሆኖም ሰው ሲደክመው ጋደም የሚልበትና ጠዋት ዓይኑን የሚገልጥበት ቦታ ይኸው ስለሆነ፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ መኝታ ክፍል ብለን እንጠራዋለን።

ተከራዮችን ስለ ክፍላቸው ሲያነጋግሯቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። «የሰውን ቤት ለማሳመር ገንዘቤን አላፈስም» ይላሉ። ነገሩ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ደመወዝዋን ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤትና ለአስቤዛ ከፋፍላ የምትጨርስ እናት ነገ ለምትለቀው ግድግዳ ቀለም ግዢ ብትባል ብትቆጣ ትክክል ናት። ነገር ግን «ነገ» የተባለው ቀን ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ የቀበሌ ቤት የገቡ ሰዎች ለጊዜው ብለው የገቡበት ክፍል ውስጥ የልጅ ልጅ አይተዋል። ከግለሰብ ለሚከራይ ሰው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ማለት 730 ጠዋት ነው። ይህን ሁሉ ጠዋት በጨለማ ክፍል ውስጥ መንቃት በእርግጥ ቁጠባ ነውን?

በቅርቡ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚገኝ ግቢ የምትኖር አንዲት ነርስ ክፍልዋን ለማደስ ስትነሣ አብሬአት ዞሬ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ናት። በወር ውስጥ የተወሰኑ ሌሊቶችን በሥራ ላይ ታድራለች። ክፍሉ በአንድ በኩል አራት፣ በሌላው በኩል ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን፣ የባሕር ዛፍ ማገር የገባበት የጭቃ ቤት ነው። አንድ በርና በስተምሥራቅ አንድ መስኮት አለው። ከዚህ በፊት የነበሩት ተከራዮች ግድግዳውን እስከ ትከሻ ድረስ ጋዜጣ ለጥፈውበታል። ከላይ የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ በዕጣንና በቡና ጭስ ብዛት የሻይ ቀለም ይዟል። በጠራራ ፀሐይ ቀን፣ ከቀኑ በአምስት ሰዓት፣ ልጆቹ የሚያነቡት አምፖል አብርተው ነበር።

የአምፖሉ ነገር ቀላል አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ቀን የሚበራ አምፖል የጎረቤት ዓይን ውስጥ ይገባል። ወር በደረሰ ቁጥር «ማን ነው ብዙ ያበራው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ያላት ሴት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የዚህች እናት ፍላጎት ለዐይን የሚያምር ክፍል ብቻ አልነበረም። ልጆቿ ከማንም ጋር ሳይጨቃጨቁ የሚያነቡበት ብርሃን ትፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድም ሳንቲም አልጠየቀም። ቁም ሳጥኑ የመስኮቱን ሢሶ ሸፍኖ ቆሞ ነበርና ወደ በሩ ጥግ ተገፋ። በመስታወቱ ላይ ለዓመታት የተጋገረው አቧራ በጋዜጣና በኮምጣጤ ታጠበ። ደም የመሰለው ወፍራም የሳቲን መጋረጃ ወረደ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ዞረ፤ በቦታው የልጆቹ ጠረጴዛ ገባ። መቼም ብርሃን ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ ቀለም ከመግዛት በፊት መንገዱን የዘጋበትን ነገር ማንሣት ይቀድማል። በብዙ ቤት መስኮቱን የሚከልለው ድህነት አይደለም፣ ቁም ሳጥን ነው።

ጋዜጣውን የመፋቁ ሥራ የእኔ ድርሻ ሆነ። የጋዜጣ ሠራተኛ ሆኖ ጋዜጣ ከግድግዳ መፋቅ የራሱ የሆነ ስሜት አለው። የቀድሞ ባልደረቦቼ በብዙ ድካም ያዘጋጁት ገጽ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣ በጢስ ጠቁሮ፣ አንዳንዱም ተገልብጦ አግኝቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጋዜጣ ለግድግዳ አይሆንም። ቶሎ ቢጫ ስለሚሆን ብርሃን ይውጣል፤ ከሥሩ የሚፈጠረው ክፍተትም ለትኋን ምቹ መደበቂያ ነው። ከፋቅነው በኋላ ስንጥቁ ሁሉ በጭቃና በጭድ ተደፍኖ እንዲደርቅ ተተወ።

ከዚያ በኋላ ወደ መርካቶ ወረድን። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፣ የአራዳው ገበያ ወደዚህ ስፍራ ከተዛወረ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ከመርካቶ በሚገዛ ዕቃ ነው። ነርሷ የመጣችው ባለ ቆርቆሮ ቀለም ልትገዛ ነበር። የቀለም ሻጮቹ የሚዘረጉትን የቀለም ናሙና ወረቀት ስትመለከት ዐይኗ ሰማያዊ ላይ፣ ቀጥሎም የሎሚ አረንጓዴ ላይ ዐረፈ። አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ግን «ቤትሽ የጭቃ ነው የብሎኬት?» ብለው ጠየቋት። የጭቃ መሆኑን ስትነግራቸው ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱና «እንግዲያስ ኖራ ውሰጂ ልጄ፤ ይኼ ይላጥብሻል» አሏት። ገንዘብ ትርፍ የሚያስገኝላቸውን ዕቃ ትተው ርካሹን የሚመክሩ ነጋዴዎች ዛሬም በመርካቶ አሉ።

የሰውዬው ምክር ምክንያት አለው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ከመሬትና ከዝናብ እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ መልሶ ይተፋዋል። የዘይት ቀለም ወይም ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ፣ ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጥና ከነጭቃው ይረግፋል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፋል። ከዚህም በላይ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ መልሶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ነጭ የመሆኑም ጥቅም ለአነስተኛ ክፍል ከፍ ያለ ነው። ንጹሕ ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከአራት እጅ ሦስቱን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ጠቆር ያለ ግድግዳ ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል። አንድ መስኮት ላለው ክፍል እያንዳንዱ ነጭ ግድግዳ እንደ ሌላ መስኮት ያገለግላል ማለት ነው። ኮርኒሱን መርሳት አይገባም፤ ለዚህ ክፍል አሮጌው አቡጀዲ ወርዶ ሁለት ጊዜ ታጠበና መልሶ ተወጠረ።

የአዲስ አበባን ፀሐይ ጠባይ ማወቅም ይረዳል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መስኮቷ ወደ ሰሜን የዞረ ቤት ያላት ሴት በእነዚህ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ አታገኝም። ለእርሷ ፍጹም ነጭ ሰማያዊ መስሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ የወተት ወይም የቅቤ መልክ ያለው ነጭ ይስማማታል። መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ላለው ለነርሷ ግን የጠዋት ፀሐይ እንደ ልብ ስለሚገባ ንጹሑ ነጭ በቂ ነበር።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ኖራ ቸር ቢሆንም ተንኮለኛ ነውና። የተቀጨው ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ያድራል። በማግሥቱ በአሮጌ ነጠላ ይጠለላል፤ እንዲይዝም ጥቂት ጨው ይጨመርበታል። ግድግዳው በቅድሚያ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያም እንደ ወተት ቀጥኖ በሰፊ ብሩሽ ይቀባል። እርጥብ ሳለ ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ «አልያዘም» ብሎ ማወፈር ስንጥቅ ያመጣል። ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በየመካከሉም አንድ ቀን መተው ይሻላል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። የእጅ ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ ልጆችን ጎረቤት ማቆየት ያስፈልጋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ጊዜ ሳያጠፉ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አከራይዋ ሥራው ሲጀመር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ነርሷ አስቀድማ አስፈቅዳቸዋለች፤ ማስፈቀድ ተገቢም ብልህነትም ነው። ሆኖም «ነጭ እኮ ዕድሜ የለውም ልጄ፤ ልጆችሽ በሳምንቱ ያጠቁሩታል» አሉ። «እትዬ፣ እኔም የፈራሁት እርሱን ነው» ብላ መለሰች።

እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሐረር ነበር። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለን የሐረሪ ቤት የገባበት ሰው ነጭ ግድግዳ ከልጆችና ከእንግዳ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያያል። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ ከተማይቱም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በባህላዊው ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ብርሃን በብዛት የሚገባው በበሩ ነው። ግድግዳው ከላይ ነጭ ነው። ሰው የሚቀመጥበትና የሚረግጠው፣ ነደባ የሚባለው ደረጃ ደረጃ መደብ ግን ቀይ ነው። ሐረሪዎች ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ውጊያ ለወደቁት መታሰቢያ መሆኑን ይናገራሉ። ነጩ ላይ የሚሰቀሉት በሴቶቹ እጅ የተሰፉ ስፌቶችና ሳህኖች ናቸው። ከረመዳን ጾም አስቀድሞም ሴቶቹ ግድግዳቸውን ያድሳሉ። አቀማመጡን ልብ ላለው፣ እጅና እግር የሚደርስበት ቦታ እድፍ ቻይ ቀለም ይዟል፤ ነጩ ከዚያ በላይ ተቀምጦ ብርሃኑን ያመላልሳል።

ይህንኑ በጉለሌው ክፍል ሞከርነው። ከእንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ሞልቷል። ጥቂቱ በወንፊት ተነፍቶ ከኖራው ጋር ሲበጠበጥ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ቀለም ወጣው። ከወለሉ ጀምሮ እስከ ልጅ ትከሻ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ፣ በዚሁ ተቀባ። ገመድ ተወጥሮ መስመሩ ቀጥ እንዲል ተደረገ። አናጢዎች ዞኮሎ የሚሉት ዓይነት ጠርዝ ነው፤ የእኛው ብቻ ሰፋ ያለ ሆነ። የኳስና የጫማ አሻራ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው፤ ሲያድፍም ከአንድ ጣሳ ያልበለጠ ብጥብጥ ያድሰዋል።

ቀጥሎ የቀረው ጨርቁ ነበር። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ሽሮ ሜዳ በሀገር ልብስ ገበያነት የታወቀ ሰፈር ሲሆን፣ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የሰፈሩበት ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ሲሠራ ማየት ልጆችን ይዞ ለመሄድ የሚበቃ ነገር ነው። መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ ሆኖ ስለኖረ፣ ከሸማኔው በስተጀርባ ሁልጊዜ እንዝርት የምታሾር ሴት አለች። ገበያተኛው ግን እርሷን አያያትም፤ የዋጋ ክርክር ሲደረግ ይህ ቢታሰብ ምን አለበት?

የምንፈልገው ለክብረ በዓል የሚሆን ጥበብ አልነበረም። ባለ ጥበቡ ቀሚስ ዋጋው ዐይን ያስፈጥጣል። ያልነጣ፣ ጥበብ የሌለው ስስ ሸማ ግን ከሱቁ ውስጠኛው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ መጠየቅ ነው። ስስ ሸማ መስኮት ላይ ሲሰቀል ከውጭ የሚያይን ዓይን ይከለክላል፣ ፀሐይን ግን አጥልሎ ያስገባል። የጠዋቱ ብርሃን በርሱ ውስጥ ሲያልፍ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚያጥር ከመሰፋቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ መድረቅ አለበት። ይህን የዘለለች ሴት ከአንድ አጠባ በኋላ ጉልበቱ የታየ መጋረጃ ይኖራታል።

ነርሷ ግን አንድ ችግር ነበረባት። ሌሊቱን በሥራ አድራ ጠዋት ስትመለስ የምትተኛው ይኸው ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነው። ለልጆች የሚያስፈልገው ብርሃን ለእናት እንቅልፍ ጠላት ሆነ። ብርሃን ብርሃን ስንል የሌሊት ፈረቃ ያለባትን ሴት ብንረሳ ጽሑፋችን ለማን ነው? ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሁለት ዘንግ ተሰቀለ። በውስጠኛው ስስ ሸማ ዋለ፤ በላይኛው ደግሞ አንድ ያረጀ ጋቢ ቀለበት ተሰፍቶለት ገባ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ከሳቲኑ ይልቅ ያጨልማል፣ የግቢውንም ጫጫታ ጥቂት ይቀንሳል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይዘጋል፤ እርሷ ስትነሣ ወደ ጎን ይሰበሰብና ክፍሉ መልሶ ቀን ይሆናል።

አልጋው ላይ ነጭ አንሶላና ከእናቷ ያገኘችው ቡልኮ ተደረገ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ደማቅ ቀለም ከአሮጌ ቀሚስ ተቆርጦ በትራሱ ጠርዝ ላይ የተሰፋው ጥበብ ብቻ ነው። የግድግዳው ጌጥ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዛ ክፈፉ ያረጀ መስታወት ሲሆን፣ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሏል። ሌሎች አበባዎች፣ የፕላስቲክ ፍሬዎች፣ የባለፈው ዓመት ካላንደሮች ወደ ሳጥን ገቡ። አንዳንዶቹ ከሳጥን ባይወጡ እኔ በበኩሌ አላዝንም።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ነጩ ግድግዳ እንዳይጠቁር ሲባል ብቻ ሳይሆን፣ ለሕይወትም ሲባል የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል ውስጥ አይደር። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚቀር ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ብርድ ቢሆንም።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተከራያችሁ እናቶች ኖራው አይመለከታችሁም። ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ኖራ አይዝም። ለእናንተ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና፣ ካስፈለገም አንድ ቆርቆሮ ነጭ የውሃ ቀለም ይበቃል። የቀረው፣ ማለት የቁም ሳጥኑ ቦታና የመጋረጃው ነገር፣ ለሁሉም አንድ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት ልጆቹ እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ አምፖል ሳያበሩ አጥንተዋል። አከራይዋም መጥተው አዩ። ብዙ አልተናገሩም፤ ከበርሜሉ ሥር የቀረ ኖራ ካለ ለወጥ ቤታቸው እንዲሰጣቸው ብቻ ጠየቁ። ዕቃ በዕቃ ውለታ ሆነና፣ ለቀጣዩ መስከረም ከዝናብ በኋላ የሚያስፈልገውን ኖራ እርሳቸው ሊገዙ ተስማሙ። ይህም በውሉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ተጻፈ።

መጋረጃውን የሰፋችው ራስዋ ነርሷ ናት። መስኮቱ አጭር ስለነበር ከታች ስንዝር ተኩል የሚሆን ጨርቅ ተረፈ። እኔ መቀስ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ በሰፊ ስፌት ሰፋችው። «የሚቀጥለው ቤት መስኮት ምን ያህል እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለችኝ።